ደርሶ መልስ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ቁርስ ተበልቶ ዕቃው ሳይታጠብ፣ ትንሿ በሚሏት ሴት ክፍል ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ፤ ታላቅ ወንድሟ፣ የወንድሟ ሚስት፣ አክስቷና እናቷ። ትንሿ ራሷ ግን አልነበረችም። ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ሥር ጎንበስ ብላ ፀጉሯን እየታጠበች ስለ ነበር ሰዎቹ ወደ ክፍሏ ሲገቡ አላየችም፤ ድምፃቸውን የሰማችው ውሃውን ስትዘጋው ነው። አክስቷ «ፍሪጁ ለእኔ ቢሆን ምን አለ? የእኔ ከተበላሸ ስንት ጊዜው ነው» ትላለች። የወንድሟ ሚስት «እትዬ፣ ፍሪጁን ተነጋግረንበታል፤ እሱ እኛ ጋ ይሁን። እርስዎ ቴሌቪዥኑን ይውሰዱ» ብላ ትመልሳለች። ወንድሟ ደግሞ ከሁለቱም በላይ ጮክ ብሎ «ይሄ ቁም ሣጥን በዚህ በር አይወጣም። ካልተፈታ በቀር አይወጣም። እስቲ መፍቻ አምጡልኝ» ይላል። ትንሿ የሳሙናው አረፋ በጆሮዋ ላይ እየወረደ ቆማ ሰማች። መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ ሰው ሞቷል የሚል ነበር። ማን ሊሆን እንደሚችል በልቧ ዘመዶቿን መቁጠር ጀመረች። ቁም ሣጥኑ የራሷ መሆኑ ትዝ ያላት ከዚያ በኋላ ነው።

ትንሿ የሚሏት የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ስለ ሆነች ነው። ዕድሜዋ አርባን ካለፈ ቆይቷል፤ ስሙ ግን አብሯት አላደገም። ፎጣውን በራሷ ላይ ጠምጥማ ስትገባ ወንድሟ ከቁም ሣጥኑ ኋላ ግማሽ አካሉን አስገብቶ ነበር፤ ጎሚስታ ስለ ሆነ ማንኛውንም ነገር የሚያየው በብሎኑ ነው። አክስቷ ቴሌቪዥኑን በጣቷ ጠርጋ አቧራውን ትመረምራለች። እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ መሬት መሬት ታያለች።

«መጣሽ? ጥሩ» አለ ወንድሟ ከተደበቀበት። «ብሎኑ ከኋላ ነው ወይስ ከሥር?»

«ሰው በቁሙ ይወረሳል እንዴ፣ ጋሼ?»

«ምን ሟርት ታወሪያለሽ በጠዋቱ!» አለች የወንድሟ ሚስት። «አንቺ ከሄድሽ ወዲያ ዕቃው ዝም ብሎ አቧራ ይጠጣ? የእኛው ለእኛው አይደል?»

«የምሄደው እኮ ለዕረፍት ነው። ነግሬያችኋለሁ። በሳምንቱ ረቡዕ እመለሳለሁ።»

ሦስቱ ተያዩ። ሕፃን ልጅ ስኳሩን አልበላሁም ሲል ትልልቅ ሰዎች የሚተያዩት አስተያየት ነበር። አክስቷ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ልጄ፣ ለጎረቤት እንደዚያ በይ። ዐይን አለ፣ ምቀኛ አለ። የሥጋ ዘመድሽን ግን እንዲህ አትደብቂ። እኔ ደግሞ ዕረፍት ሲባል የሰማሁት የቀብር ማስታወቂያ ላይ ብቻ ነው።» የወንድሟ ሚስት በሳቅ ፈረሰች። ትንሿ አልሳቀችም። «ልብሴን ልቀይር፤ ውጡልኝ» አለች። ወጡ። እናቷ ብቻ ስትነሣ ዘገየች፤ በሩ ጋ ስትደርስ የልጇን እርጥብ ፀጉር በእጇ ነካ አድርጋ ሄደች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ትንሿ የምትሠራው የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ቤት ነው። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል እንቅልፍ የለም፤ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ከተቀደደ ኪስና ከወለቀ ዚፕ በቀር ሥራ የለም፤ ሴቶቹ መኪናቸው ላይ ክንዳቸውን ተንተርሰው ይውላሉ። ባለፈው ዓመት በዚያው የሥራ ፈት ወቅት፣ የልጇን ቀሚስ ልታሳጥር የመጣች አንዲት የአውሮፕላን ትኬት ቆራጭ፣ ቀሚሱ እስኪያልቅ አጠገቧ ተቀምጣ ስታወራ፣ አውሮፕላንም እንደ ዩኒፎርም ወቅት እንዳለው ነገረቻት። ሰው ሁሉ በሚሄድበት ጊዜ ዋጋው አይቀመስም። ሰው በማይሄድበት ወር፣ በሳምንቱ መካከል፣ ሻንጣ ሳያስጭኑ፣ ዓመት ሙሉ አስቀድሞ ለሚቆርጥ ግን አንድ ጥሩ የሱፍ ካፖርት በሚገዛበት ዋጋ ባሕር ያለበት አገር አድርሶ ይመልሳል፤ ቪዛ እንኳ የማይጠየቅበት አገር። ትንሿ የቀሚሱን ጠርዝ እየሰፋች ሰማች። ካፖርቷ ገና ደህና ነበር። በሳምንቱ ሄዳ ትኬቱን ቆረጠች። ወረቀቱን በመስታወቱ ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው፤ ዓመቱን ሙሉ ለማንም አልተናገረችም። አንድ ሰው ከሰማ ገንዘቡ ለጣሪያ፣ ለመድኃኒት፣ ለአንዱ ልጅ ጫማ እንደሚፈለግ ታውቃለች። ገንዘቡ ተከፍሎ፣ ቀኑ ተቆርጦ፣ የማይመለስ ሲሆን ብቻ ነው የእሷ የሚሆነው።

የነገረቻቸው ባለፈው እሑድ ራት ላይ ነው። ሁሉም ብድግ ብለው ሳሟት። ወንድሟ «ይገባሻል፣ ይገባሻል» አለ፤ ሚስቱ ዕንባዋን ጠረገች፤ አክስቷ እልል ልትል ሲከለክሏት ነው የተወችው። ትንሿ ለአንድ ሳምንት ዕረፍት ይህን ያህል የሚደሰትላት ቤተሰብ እንዳላት አታውቅም ነበር። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረባት።

ቅዳሜ ሥራ ግማሽ ቀን ነው። አውቶቡሱ ውስጥ ቆማ፣ ፀጉሯ ሳይደርቅ በሻሽ አስራው፣ ለመቆጣት ስትሞክር አልመጣላትም፤ ይበልጥ የከነከናት ሦስቱም እንደማትመለስ ያን ያህል እርግጠኛ መሆናቸው ነበር። ስፌት ቤቱ ከአንድ የቀለም መደብር በላይ ያለ ረጅም አዳራሽ ነው፤ መስኮቶቹ በአንድ በኩል ብቻ ስለ ሆኑ ብርሃን የሚደርሳቸው ሴቶች በዕድሜ የገፉት ናቸው። የሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ የምትሠራው መኪና በመስኮቱ በኩል ሦስተኛዋ ናት። ትንሿ ከዚያ ወንበር ላይ የተነሣችው ለምሳና ለሽንት ብቻ ነው ቢባል ብዙ አልተጋነነም። ዛሬ ወንበሩ ላይ አንዲት ጥቁር ሰማያዊ ሹራብ የለበሰች ልጅ ተቀምጣ፣ ምላሷን አውጥታ፣ በቁራጭ ጨርቅ ላይ ቀዳዳ ትለማመዳለች። ቀዳዳዎቹ ሁሉ ጠማማ ነበሩ።

ምን እንደ ሆነ ከመጠየቋ በፊት ሴቶቹ ከበቧት። ጨርቅ ቆራጩ፣ በቤቱ ያለው ብቸኛ ወንድ፣ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ሻንጣ እየጎተተ አወጣ። ባለ ጎማ፣ ቡናማ፣ ገና ላስቲኩ ያልተላጠ፣ ሰው ተቀምጦ የሚገባበት ሻንጣ ነው። ሁሉም አዋጥተው ገዝተውላታል። «ባሕር የሚያሻግር!» አለ ቆራጩ በመዳፉ እየመታው። «ቦታ ከተረፈሽ እኔን ክተቺኝ፤ ኪሎዬ ቀላል ነው።»

ትንሿ ሻንጣውን አየችው። በትኬቷ የሚፈቀድላት በትከሻ የሚንጠለጠል ቦርሳ ብቻ ነው። «እግዜር ይስጥልኝ» አለች፤ «ግን እኔ እኮ እመለሳለሁ።»

«ሁሉም እመለሳለሁ ይላል» አለች አንዷ ዐይኗን ጠቅሳ፤ ሌሎቹም ተቀባበሉት።

«እሺ፣ ለዕረፍት ነው እንበል» አለ ቆራጩ። «እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እቀመጣለሁ።»

«ለመቀመጥ አውሮፕላን?»

«እዚህ ማን ያስቀምጠኛል?»

ሳቁ፤ ቆራጩ ከሁሉም በላይ ሳቀ፤ ግን አንዳቸውም አላመኗትም። ይህ ነበር የሚያስቸግረው። ቢቆጧት ትመልስ ነበር፤ ቢከለክሏት ትጣላ ነበር። እነሱ ግን ይወዷታል፣ ያዝኑላታል፣ አደራ ይሏታል። አንዷ የእህቷን ልጅ ስልክ ቁጥር በጨርቅ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ጽፋ በጉያዋ ይዛ መጥታለች፤ «ስትረጋጊ ደውይለት፣ መንገዱን ያውቃል» አለቻት። ትንሿ ወረቀቱን አጣጥፋ መለሰችላት።

የስፌት ቤቱ ባለቤት በአዳራሹ ጫፍ ባለች የመስታወት ክፍል ውስጥ ነበረች። ትንሿን ስታይ ተነሥታ ሁለት ጉንጯን ሳመቻት፤ ከተቀጠረች ጀምሮ ስማት አታውቅም። «ልጅቷን አሠልጥኝልኝ፤ ሁለት ቀን አለሽ» አለቻት። «ሒሳብሽን ማክሰኞ ሳትሄጂ እዘጋልሻለሁ፤ እኔ የሰው ላብ አልበላም።»

«የሚዘጋ ነገር የለም። ሥራ አልለቀቅሁም። ፈቃድ ነው የጠየቅሁት፤ እርስዎም እሺ ብለዋል።»

«እሺ ያልሁት እንዳይከፋሽ ነው እንጂ ማን ያጣዋል? ፈቃድ የሚወስድ ሰው ቤቱ ይተኛል፣ የታመመ ዘመድ ይጠይቃል። አንቺን መሰል ሰው ለጨዋታ አውሮፕላን ላይ ይወጣል?»

«እኔን መሰል ማለት ምን መሰል ነው?»

ባለቤቲቱ ምን ማለቷ እንደ ሆነ ሁለቱም ያውቁታል። ባለቤቲቱ ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን መቀስ ከፍታ ዘጋችው። ትንሿ እንዲህ ስትል ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ወጣ፤ «እዚህ ስገባ ይህ ፎቅ መስኮቱ በካርቶን ነበር የተዘጋው። ከዚያ ጀምሮ አንድም ቀን ፈቃድ ወስጄ አላውቅም። አሁን ሥራ በሌለበት ሳምንት አንድ ሳምንት እወስዳለሁ። ሐሙስ እገባለሁ። ወንበሩ ላይ ሰው ካገኘሁ ደግሞ አስነሣለሁ።» ባለቤቲቱ «እናያለን» አለች። «ያያሉ» አለች ትንሿ። ወጥታ ልጅቷን ትከሻዋን መታ አድርጋ አስነሣቻትና ተቀመጠች። ልጅቷ ቆማ ቀረች። ትንሿን አሳዘነቻት፤ የእሷ ጥፋት አይደለም። «ጨርቁን አትጎትቺው፤ መኪናዋ ራሷ ትወስደዋለች» አለቻት፣ አንዱን ቀዳዳ ቀስ ብላ እያሳየቻት። ልጅቷ አንገቷን ሰብራ «እትዬ፣ እውነት ትመለሻለሽ?» አለች። «እመለሳለሁ።» «እንግዲያው እኔስ?» የትንሿ ስልክ ጠራ።

የደወለችው ትኬት ቆራጯ ነበረች። «ወንድምሽ እዚህ ነው» አለች ፈጠን ብላ። «ትኬትሽን ይዟል። መመለሻውን ልሽጥ እያለ ነው። ቶሎ ነይ።»

ትንሿ ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቶ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች። መሳቢያው ትዝ አላት፤ ጠዋት ክፍሏ ውስጥ ሲንጎዳጎዱ ወስዶታል ማለት ነው። ትኬት ቢሮው በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ያለ ጠባብ ክፍል ነው፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፉት የአውሮፕላን ሥዕሎች በፀሐይ ገርጥተው ሰማዩ ቢጫ ሆኗል። ወንድሟ መስኮቱን በሰፊ ጀርባው ዘግቶ ቆሟል፤ ከጎማ ሱቁ በቀጥታ ስለ መጣ እጁ ጥላሸት ነው። ከኋላው ሁለት ሦስት ሰዎች ወረፋ ይጠብቃሉ።

«እኔ የምልሽ ቀላል ነው» ይላል። «መሄጃውን አልነካሁም፤ እሱን ትሂድበት። መመለሻውን ውሰዱና ዋጋውን ስጡኝ ነው የምለው። የማይነዳ ጎማ ምን ያደርጋል?»

«ጋሼ፣ ትኬት ጎማ አይደለም።»

«እንዴት አይደለም? አራት ይዞ መጥቶ ሁለቱን የሚሸጥልኝ ሰው ሞልቷል።»

«ይሄ ደርሶ መልስ ነው። አንድ ላይ የተቆረጠ ነው፤ የረከሰውም ለዚያ ነው። ቀኑ አይቀየርም፣ ለሌላ ሰው አይዞርም። መመለሻው ይሰረዝ ካሉ መሄጃውም አብሮ ይሰረዛል፤ ገንዘብም አይመለስም። ደግሞም የእርስዎ አይደለም፤ የእሷ ነው።»

«እሷ ማለት እኔ ነኝ። ወንድሟ እኮ ነኝ!»

«እንዲያ ከሆነ ይብረሩላታ!» አለ ከወረፋው አንዱ። ሰው ሳቀ። ወንድሟ ሊመልስለት ዞር ሲል ትንሿን በሩ ላይ አያት። ወዲያው እንደ ተያዘ ልጅ ወረቀቱን ደረቱ ላይ ለጠፈው። ትንሿ እጇን ዘረጋች። ጥቂት አመነታ፤ ሰጣት። አራቱም ማዕዘን ላይ የጣቱ አሻራ በጥቁር ታትሟል። ትኬት ቆራጯ «ግድ የለም፤ ስምሽ ይነበባል» አለች።

ከቢሮው ውጪ የሲሚንቶ ደረጃ አለ፤ እዚያ ተቀመጡ። መኪና ያልፋል። ወንድሟ እጁን በሱሪው ላይ ይጠርጋል፤ አይለቅም። በቤታቸው ነገር ሲከብድ እያንዳንዱ ሌላው እስኪጀምር ይጠብቃል፤ አንዳንዱ ነገር እንዲሁ ሲጠበቅ ዓመት ያልፈዋል።

«ለራሴ አልነበረም» አለ በመጨረሻ። «ባዶ እጅሽን ሰው አገር እንዳትወድቂ ብዬ ነው። ገንዘቡን በሻሽሽ ቋጥሬ ልሰጥሽ ነበር።»

«ሰው አገር አልወድቅም። ስለምመለስ።»

«እሷም እንዲሁ ብላለች።»

እሷ ያለው ታላቅ እህታቸውን ነው። ለአንድ ወር ብላ ሄዳ ቀረች፤ አሁን በስልክ የምትስቅ ድምፅ ናት። ስለ እሷ እቤት ውስጥ አይነሣም። «ክፍሏን ሦስት ዓመት ቆልፌ ጠበቅሁ» አለ ወንድሟ። «አልጋዋን እንኳ ማንም እንዳይነካ ብዬ። አይጥ ነው የኖረበት፤ ፍራሹን ሳወጣው ተበጣጥሶ በእጄ ቀረ። አሁን ደግሞ ያንን መድገም አልፈልግም። የሚሄድ ይሂድ፤ ዕቃው ሳይበላሽ ይከፋፈል። አለቀ።»

«እሷን ቆልፈህ ጠበቅሃት፤ እኔን ግን ገና ሳልሄድ ከፈትኸኝ።»

አላያትም። «አንቺ ለምን ብለሽ ትመለሻለሽ?» አለ። ሊያስከፋት አልነበረም፤ ከልቡ ነበር የጠየቀው። «ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ። አንድ ክፍል ናት ያለችሽ። እኔ ብሆን አልመለስም።»

ትንሿ መልሱን ለማግኘት ብዙ አላሰበችም፤ ምናልባት ዓመቱን ሙሉ ይዛው ኖራለች። «አንተ ብትሆን። አንተ ልትቀር ትችላለህ፣ ጋሼ፤ እኔ አልከለክልህም። እኔ የምመለሰው ቤቴ ስለ ሆነ ነው። ሰው ቤቱ ለመግባት ባልና ልጅ ማቅረብ አለበት? እሄዳለሁ ስል ቀረሽ፣ እመለሳለሁ ስል አትመለሺም ትሉኛላችሁ፤ አንዱን እንኳ እኔ ልወስነው። ለመሄድ አላስፈቀድሁም፤ ለመመለስም አላስፈቅድም።» ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። «ቁም ሣጥኑን ፈትተኸዋል?»

«ግማሹን።»

«ሂድና ግጠመው።»

ወደ ግቢው ሲገቡ ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቁ ነበር። የትንሿ በር ተከፍቷል። የወንድሟ ሚስት ክፍሉን ሊከራዩ የመጡ ወጣት ባልና ሚስት እያስጎበኘች ነው። ሴትየዋ ነፍሰ ጡር ናት፤ ባልየው መስኮቱን ከፍቶ ይዘጋል። አክስቷ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስለ ውሃው መኖር ትመሰክራለች። ቁም ሣጥኑ አንድ ጎኑ ወልቆ ግድግዳ ተደግፏል፤ የትንሿ ቀሚሶች በሰው ፊት ተንጠልጥለዋል።

ትንሿ ለባልና ሚስቱ ሰላምታ ሰጠች። «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ደክማችኋል። ክፍሉ ሰው አለበት። እኔ ነኝ ያለሁበት» አለች።

«ማክሰኞ ይለቀቃል ተብለን ነበር» አለ ባልየው ግራ ተጋብቶ።

«ማክሰኞ ይቆለፋል። አይለቀቅም።»

«ቀብድ ተቀብያለሁ እኮ!» አለች የወንድሟ ሚስት።

«መልሺላቸው።»

የወንድሟ ሚስት ባሏን አየችው። እሱ መሬት ላይ የተበተኑትን ብሎኖች እየለቀመ ወደ መዳፉ ያስገባል፤ ቀና አላለም። «አንተን እኮ ነው!» አለችው። «መልሺላቸው» አለ እሱም፣ ለብሎኖቹ የሚናገር ይመስል። የሚስቱ ፊት ተለዋወጠ። ገንዘቡን ከጉያዋ አውጥታ ሰጠቻቸው፤ ባልና ሚስቱ አመስግነው፣ ስላስቸገሩ ይቅርታ ጠይቀው ሄዱ። ነፍሰ ጡሯ በሩ ላይ ዞር ብላ ክፍሉን አንዴ አየችው። ወድዳው ነበር። የወንድሟ ሚስት «ከተመለስሽ ጆሮዬን ይቁረጡት» አለች። አክስቷም «እንዳሻሽ አድርጊ፤ እኛ ምን አገባን» ብላ ተነሣች፤ ስትወጣ ቴሌቪዥኑን ዞራ አላየችውም።

ወንድሟ ቁም ሣጥኑን ገጥሞ ሲጨርስ እሱም ወጣ። እናታቸው ከዋናው ቤት ቀስ ብላ መጣችና አልጋው ላይ ተቀመጠች። ትንሿ ቀሚሶቿን መልሳ ትሰቅላለች። 

«መቼ ነው የምትመለሺው?» አለች እናቷ።

ትንሿ መስቀያውን እንደ ያዘች ቆመች። ሰው ሁሉ መቼ እንደምትሄድ ጠይቋት ነበር፤ ይህን የጠየቃት ግን አልነበረም።

«በሳምንቱ ረቡዕ፣ እማዬ። ማታ ላይ።»

«ራት ሳልበላ እጠብቅሻለሁ» አለች እናቷ፤ ጉልበቷን ተደግፋ ተነሣች።

ማክሰኞ ትንሿ በሯን ቆልፋ፣ ቁልፉን ይዛ፣ በትከሻዋ ቦርሳ አንጠልጥላ ሄደች። በሳምንቱ ረቡዕ አውሮፕላኑ ስለ ዘገየ ከመሸ ደረሰች፤ እናቷ አልበላችም ነበር። ሐሙስ ሥራ ገባች፤ ልጅቷ ወንበሩ ላይ ነበረች፤ አስነሣቻት። ባለቤቲቱ ከመስታወቱ ውስጥ አየች፤ ከሰዓት በኋላ ልጅቷን ኪስ የሚሰፋበት መኪና ላይ አስቀመጠቻት። ምሳ ሰዓት ላይ ትንሿ ወደ ትኬት ቢሮው ሄዳ የሚቀጥለውን ዓመት ትኬት ቆረጠች።